ሲባጎ

ለጌጥ አይደለም ዝቅ ያደረግኳት፤
ሰፈሩ ግን ይስቃል፦ «አራዳ አረግሻት!»
የአባቴ ግራ እግር ነው ነገሩ፤
ካምና ሐምሌ ወዲህ ትእዛዝ አይሰማም፣
በአንድ ሱሪ ውስጥ ተለያይተው ኖሩ።

ጅቡቲና አዳማን ሃያ ሁለት ዓመት
በተሳቢ ሲሰፋ የኖረ ጎልማሳ
የፒካፗን በር ከፍቶ ቆመ፣ ቆመ፣ እግሩን ሳያነሳ።
እኔ አየሁ። ማየቴን እሱም አየ።
ጎማውን በከዘራ መታ መታ አርጎ
«ንፋስ ጎድሏታል» እያለ ዘገየ።

ቅዳሜ፣ ከኋላ ባሌስትራ ሁለት ንጣፍ ወጣ፤
የፊቱን ዘንግ ቡሎን ባላላሁ ቁጥር
አፍንጫዋ ወደ መሬት መጣ።
ስምንት ሳንቲም ብቻ። ለአንድ እግር ይበቃል።
ብረት ግን ያኮርፋል፤
እዚህ ዝቅ ስትይው እዚያ ጠማማውን ያወጣል።
እሑድ ፍራንኮ ድረስ ነዳኋት፤ ጎማው ኩርባ ላይ ጮኸ፣ አላባራ፤
መሪው ደግሞ፣ ከጎን ሁሉ መርጦ፣ ወደ ግራ።

አላይመንት ቤት መብራት የለም።
«ነገስ?» አልኩት ልጁን።
ትከሻውን ሰበቀ፣ መልስ አልሰጠም።

ስለዚህ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ አራት ባዶ የቢራ ሳጥን፤
ሚፍታህ ባጃጁን አቁሞ መጣ፣ ጫፍ ጫፉን ይዘን ወጠርን።
በግራ አንድ መስመር፣ በቀኝ አንድ መስመር፣ መኪናዋ መሃል፤
የአዳማ ንፋስ ሥራ ፈት ነው፣ ሲባጎውን ይነካካል፤
አንድ ሚሊ ስለካ ሁለት ሚሊ ይሰርቀኛል።
ሆዴ አፈር ላይ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቸርኬው ከንፈር ላይ ሜትሩን ዘረጋሁ፦
ፊቱ ሃምሳ አምስት፣ ኋላው ስልሳ ሁለት፤
ሁለቱ ጎማዎች ፊታቸውን አዙረዋል
እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት።

የትራንቴው ዳዶ ዝጎ እምቢ አለ። ናፍጣ አጠጣሁት።
ልሰድበው አፌን ከፍቼ ተውኩት።
«ብረት አይሰደብም» ይለኝ ነበር፣ ተሳቢ ሥር ተኝቶ፤
ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣
የአስራ ዘጠኝ ቁልፍ ክንዴን ዝቅ አርጎ ጎትቶ።
ጠቅ አለ።
ሩብ ዙር ከወዲህ፣ ሩብ ዙር ከወዲያ፤
ደግሞ ገፋናት፣ መለስናት፣
ጎማው ከአፈሩ የያዘው ቂም እስኪፈታ።
ስልሳ። ሃምሳ ስምንት። ስልሳ አንድ።
ቁጥሩ ይዋዥቃል፣ ፀሐዩ በረታ።

ከበሩ ጥላ ሥር ድምፅ መጣ፦
«ባዶዋን ለክተሽ፣ ሰው ይዘሽ ልትነጂ?
የሹፌር ክብደት ይግባ እንጂ!»

ሚፍታህ እኔን አየ። እኔ ሲባጎውን።
አባቴ ከዘራውን ለግድግዳው ሰጥቶ ጨበጠ የበሩን ብረት፤
መጀመሪያ ወገቡን፣ ቀጥሎ ቀኙን አስገባ፤
ግራውን በእጁ አንስቶ፣ እንደ አደራ ዕቃ፣
ተጠንቅቆ ከጎኑ አጠጋ።
ማንም አልደገፈው።
መኪናዋ በእሱ በኩል ግማሽ ጣት ወረደች፤
በድሮ ክብደቱ ቢሆን ሙሉ ጣት በሰገደች።

«መሪውን ቀጥ አርገህ ያዝልኝ» አልኩት።
በቀኙ ያዘ። ግራ እጁን አንስቶ ከላዩ ጣለ።
ንፋሱ ጋብ አለ።
ፊቱ ስልሳ፤ ኋላው ሃምሳ ዘጠኝ።
ዳዶውን አጠበቅኩ፣ መዳፌ እስኪያመኝ።

አመሻሽ ላይ ወንጂ መንገድ ወጣን። እኔ ነዳሁ፤
ፍሪሲዮን የግራ እግር ነው፣ ሁለታችንም እናውቃለን፤
እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ።
በቀኝ በር ዞሮ፣ ያለ ሰው እጅ ገብቷል፤
መስኮቱን አውርዶ ክንዱን አውጥቷል።
ሸንኮራው ዳር፣ አስፋልቱ ሲቀና፣ መሪውን ለቀቅኩ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የስልክ እንጨት ቆጠርኩ።
«ትንሽ ወደ ቀኝ ትላለች» አልኩት።
«ተያት» አለ፣ «ያን ያህሉን ንፋሱ ያቃናዋል።»

ስንመለስ ሚፍታህ የለም፤ ሲባጎው እንደ ተወጠረ፣
ከጎረቤት አንዷ
ሰባት ካልሲ አስጥታበት ነበረ።