ምን ያፈራል?

ደጀን ላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ነፋሱ ካባይ ሲወጣ
አፈር ይዞ ነው የሚመጣ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የውሃ ቆጣሪ አንብቤ፣
የሰውን ጥም በደብተሬ፣ በቁጥር በቁጥር ከትቤ፣
ጡረታ የወጣሁ ለታ፣ ከጓሮዬ አንድ ጥግ ላይ
ተከልሁ አንዲት ፒር፤ ፍሬ የላት፤ አበባዋ ብቻ የሚታይ።

ችግኟን የሰጠችኝ የችግኝ ጣቢያዋ ውዴ ናት፦
«ይቺ ተርፋ ነው፤ ውሰዳት፤ ገዢም ፈላጊም የላት።
ሁለት በጋ ብቻ አጠጣት፣ ሥሯ ከእርጥቡ እስኪደርስ፤
ከዚያ ወዲያ የሰው እጅ አትጠብቅም ለመጉረስ።»

አንማው፣ የአጥር ጎረቤቴ፣ አገጩን አጥሩ ላይ ጥሎ
«ምን ያፈራል?» አለኝ።
«ምንም።»
«ምንም?»
«ምንም።»
እንደ በሽተኛ አይቶኝ ሄደ፣ አገጩን ካጥሩ ነቅሎ።
በማግስቱ ሰፈሩ አወራ፦ «ሰውዬውን ጡረታው ነካ፤
ጎመን በሚያሳድግ ውሃ ለመካን ዛፍ ቀለብ ለካ።»

የምስር እጣቢ፣ የእግር እጣቢ፣ ምንም አልደፋሁ በከንቱ፤
ጀሪካን ቂጡን በሚስማር በስቼ፣ ከጎኗ ቀበርሁ እስካንገቱ፤
ጠብ… ጠብ… ማታ ጆሮዬን መሬት አስጠግቼ ሰማሁ።
(የማይሰማ ነው። ግን ሰማሁ።)
የጤፍ ገለባ አለበስኋት፣ ጠጠር ደረብሁ በላዩ፤
ሌባ ነው የእኛ ፀሐዩ።

በመጀመሪያው በጋ፣ የቅጠሏ ጠርዝ ነደደ።
በሁለተኛው፣ የጥሩሰው ፍየል ጫፏን ግጦ ሄደ።
ፍየሏን አልረገምሁም፤ ለምለም ሌላ የት ታገኛለች?

የቆጣሪዬን ክዳን በየወሩ ከፍቼ
የራሴን ቁጥር አነባለሁ፣ እንደ ባዳ ቆሜ አይቼ፦
አራት ኪዩብ። አምስት። ግንቦት ላይ ስድስት።
ስንቱን ቤት «አባከናችሁ» ብዬ ተቆጥቻለሁ በዚህ አፍ!
አሁን ከሳሽም ተከሳሽም እኔው፣ ስለ አንድ ፍሬ የለሽ ዛፍ።

በሦስተኛው ዓመት፣ የካቲት፣ ሜዳው አጥንት በመሰለበት፣
በየመስኩ አንድ አበባ ለመድኃኒት በጠፋበት፣
ቅጠል ሳታበጅ ገና፣ በባዶ እንጨቷ ነጭ በነጭ
ሆና አደረች፤ ገንፍሎ ወተት ምድጃ ላይ እንደሚረጭ።
ሽታዋን አላቆላምጥም፤ የሰነበተ ዓሣ ነው።
ንብ ግን አፍንጫው ሌላ ነው።

መጡ። ካንማው ቀፎ መጡ፣ አጥሩን በሰልፍ አልፈው፤
ከረፋድ እስከ ማታ ዛፏ አጉረመረመች፣
እኔ ከጥላዋ ተቀምጬ፣ ጥላ ሳይኖራት ገና።

አንማው ምንም አላለኝ። እኔም አልጠየቅሁት ምንም።
አንድ ሌሊት ውሻ ጮኸ፤ ወጣሁ፤ ጨረቃ ነበረች፤
አንማው ቀፎውን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ
ወደ አጥሬ ያስጠጋዋል።
በሬን ቀስ ብዬ መልሼ ዘጋሁ።

ትናንት ከቁይ የመጣ አንድ መንገደኛ ቆሞ አያት፤
«ይኼ ደግሞ ምን ያፈራል?»
አፌን ልከፍት ስል፣ ካጥር ማዶ
«አትጠጋ!» አለ አንማው፣
«ንብ አለበት።»