ግራ ያልገባው ጠመንጃ

ቤርሳቤህ፣ አሮጌው ገበያ፣ ከቁልፍ ሠሪው ወዲያ፣
የገናዲ ሱቅ አለ፤ የብረት በር፣ ደወል፣ የፈቃድ መጠየቂያ።
ከስምንት ቁጥር አውቶቡስ ወርጄ፣ የሾፌር ልብሴን ሳልቀይር፣
ፈቃዴን ይዤ ገባሁ፣ የሁለት ዓመት የትርፍ ሰዓት ብር።

"ሺህ ሜትር መምታት አምሮኛል" አልኩት፤ "የብረት ሳህን ነው ኢላማዬ፤
ከማንም ጠብ የለኝ፤ ከነፋስ ጋር ነው ጉዳዬ።"

ግድግዳው ላይ ተሰልፈው፣ ዘይት ጠጥተው ያበሩ፣
አንድ ሳይቀር በቀኝ በኩል መቀርቀሪያ ያሠሩ።
አንዱን አወረደልኝ። ሸጋ ነው። ወፍራም፣ ረጅም አፈሙዝ፣
ስድስት ነጥብ አምስት ጥይት፣ ለጣት ትንፋሽ የሚታዘዝ
ምላጭ።

በግራ ትከሻዬ አስደገፍኩት፤ ጉንጬ ሰደፉን አገኘ፤
መቀርቀሪያው ግን ማዶ ነው፤ እጄ ወንዝ መሻገር ተመኘ።
በመነጽሩ አናት ተንጠራራሁ፤ አንገቴ እንደ ሰጎን ወጣ፤
ጉንጬ ተላቀቀ፤ ያ ሁሉ ሜትር፣ ያ ኢላማ፣ ካይኔ ታጣ።

"ትለምጂዋለሽ" አለ ገናዲ፤ "ዓለም ለቀኝ ነው የተሠራ፤
ስድስት ወር ትጠብቂያለሽ፣ ካዘዝሽ ባለ ግራ።
ዋጋውም ይዘላል። ስትሸጪውስ?" ሳቀ፣ የወርቅ ጥርሱን እያሳየ፤
"በዚህ አገር፣ በዚህ ዘመን፣ ግራ ነኝ የሚል ማን ታየ?"

ትለምጂዋለሽ።
ይቺን ቃል አውቃታለሁ፤ ወገራ ላይ አብራኝ አድጋለች፤
ግራ እጄን በመቀነት፣ ከወገቤ ጋር አስራለች።
በግራ አይጎረስም፣ በግራ ሰላም አይሉም፣
በግራ ለእንግዳ ውኃ እንኳ አያቀብሉም።
ቋንቋዬም አልራራልኝ፦ መንገድ የጠፋው "ግራ ገባው"፣
የተነጫነጨ "በግራ ጎኑ ተነሣ"፤
ጎህ ሲቀድ "ቀኝ አውለን" ነው፣ ጸሎት ብለን የምናውቀው።

አያቴ ቢተው ብቻ፣ ቀጥቃጩ፣ ክፉ ቃል አልተናገረም፤
አንድ ማለዳ ማጭዴን ወሰደ፤ ወናፉን ነፋ፤ እኔን አልመከረም።
ጥርሱን በሌላው ጎን ሞርዶ፣ አቀብሎኝ ተቀመጠ፤
"መጣመም ካለበት ብረቱ ይጣመም" ብሎ ፍሙን ገለበጠ።

ለጥገና የሚያመጡለት የባላባቶቹ ውጅግራ፣
መቀርቀሪያዋ በቀኝ ነበር፣ ስሟ ውስጥ ይዛ ግራ።

"እዘዝልኝ" አልኩት ገናዲን። "የግራውን።"
"ሰደፉስ፣ እንጨት ወይስ ፋይበር?" "የኔጌቭ ፀሐይ የማያጣምመው።"
"ክብደቱስ?" "ይክበድ። ተኝቼ ነው፤ ተራራ አልወጣም ተሸክሜው።"
"ስትሸጪውስ?" አለኝ ዳግመኛ።
"ማን እሸጠዋለሁ አለህ?"

በቀኝ እጄ መልስ እየሰጠሁ፣ ስድስት ወር ነዳሁ።
ስግድ አለፈ፤ ዝናቡ ዘነበ፤
ለውዙ ከመናኸሪያው ጀርባ አበበ፤
ስልኬ ጮኸ።

አራድ፣ ከከተማው ውጭ፣ ጠጠርና ጠፍ መሬት፤
በደረቴ ተኝቼ፣ የሺህ ሜትር ዝምታ ከፊት።
መቀርቀሪያው ለእጄ መጣ፣ ሳልጠራው፣ ሳልፈልገው፤
ጉንጬ ከሰደፉ ሳይነሣ፣ ዓይኔ ሳህኑን እንደ ያዘው
ተኮስኩ።

ሳትኩ። ወደ ቀኝ።

ነፋሱ ከግራ ነበር፤ እኔው ነኝ የናቅኩት።
ትንፋሼን አጋምሼ፣ ወደ ግራ ገፍቼ ለቀቅኩት፤
አራት ቆጥሬ፣ ከሩቅ፣ ቅንንን ሲል ሰማሁት።
ቀለሁ ባፍንጫዬ ሳያልፍ፣ በግራዬ ኮበለለ፤
እንደ ጋለ፣ ጠጠር ላይ ተንከባለለ።

ከጎኔ የተኛው ኒጻን፣ የክበቡ አንደኛ፣
"አንዴ ልሞክረው?" አለኝ። ለቀቅኩለት። ተኛ።
ጉንጩን ለሰደፉ፣ ዓይኑን ለመነጽሩ ሰጠ፤
ቀኝ እጁ መቀርቀሪያ ፈልጎ፣ አየር ብቻ ጨበጠ።
እንደገና ዳበሰ። ቀና ብሎ አንዴ እኔን፣ አንዴ ብረቱን አየው፤
ጎበዝ ተኳሽ ነው። ግራ ገባው።

"ትለምደዋለህ" አልኩት።