ነፋስ በራብዕ

በአሰላ መውጫ፣ ከሲኖትራኩ ወረፋ ዳር፣
አባቴ ባይሳ ንፋስ ይሸጥ ነበር።
ቀልዴን አይደለም፤ በቆርቆሮው ላይ በቀይ ቀለም
«ጎማ እንጠግናለን፣ ንፋስ እንሞላለን» ይላል፤ ሌላ ጽሑፍ የለም።
ነፋስ በነጻ በሚታደልባት በአዳማ ከተማ፣
አቧራው ሳይጠሩት ገብቶ ከወጥ በሚስማማ፣
እሱ ለአንዲት ጎማ
አስር ብሩን ቆጥሮ ሆዱን ይዞ ይስቃል፦
«የውጪው የእግዜር ነው፤ የኔን ግን ጎማ ያውቃል።»

እኔ ደግሞ ማታ ማታ፣ ዜናው እንዳለቀ፣
በከተማው ሬዲዮ፣ በድምፅ በተጠነቀቀ፣
«የነገው የአየር ጠባይ፦
በከፊል ደመናማ፣ በመጠኑ ነፋሻማ»
ብዬ አነባለሁ፣ አባቴ እየሰማ።
ቤት ስገባ እጁን በነዳጅ እያጠበ ይጠብቀኛል፦
«በመጠኑ?» ይለኛል።
«የጥላዬን ሸራ ከነእንጨቱ ወስዶት፣
የሎተሪ አዟሪውን ዕጣ አስፋልት ላይ በትኖት፣
አንቺ ‹በመጠኑ› ብለሽ ታልፊያለሽ!
ደግሞስ አየር ምንድን ነው? አየር ሲመታ አይተሻል?»

እውነቱን ነው። አየር ጫማው የተጠረገለት ቃል ነው።
ሰው አየር ሊለውጥ ሶደሬ ይወርዳል፣
ደላላው አየር በአየር ሸጦ ፎቅ ይወልዳል፣
የኔም ድምፅ አየር ላይ ይውላል፤ አይጎዳም፣ አይረዳም።
ነፋስ ግን ይነካል። ለሙሽራ መኪና አበባ አይራራም፤
የተሰጣ በርበሬ ከነሰሌኑ አንስቶ
የማናውቀው ሰው ግቢ ያደርሳል፣ ዓይናችንን አስለቅሶ።

እናቴ በኦሮምኛ «ቂሌንሳ» ትለዋለች፤
አየሩንም ነፋሱንም በአንድ እፍኝ ትይዛለች።
እኔና አባቴ ስንከራከር፣ ራት እየቀዘቀዘ፣
«ቂሌንሳ ነው፣ ብሉ!» ክርክሩ እዚያው ደነዘዘ።

ሽውታ ሌላ ነው፣ ከነፋስ ዘር ቢሆንም፤
በር አያንኳኳም፣ አቧራም አያስከትልም።
አጎቴ ጉርሜሳ በጅቡቲ መንገድ ከነመኪናው ከቀረ ወዲህ
አባቴ አንዳንዴ፣ ቀትር ላይ፣ ቁልፉን ያስቀምጥና እንዲህ፦
«ሽው አለኝ» ይላል። ምኑ እንደሆነ አንጠይቅም።
የኔ ሬዲዮ ይህን አይተነብይም።

በኅዳር አንድ ጠዋት የአባቴ ከንፈር ወደ ግራ ዞረ።
ሰፈሩ «ነፋስ መታው» ብሎ ተማከረ።
ሐኪሟ ሌላ ስም ጻፈች፣ ረጅም፣ የማይነበብ።
እሱ ግን በግማሽ አፉ፣ እኔ ጆሮዬን ሳስጠጋ አጠገብ፦
«አየሽ? አየር መታው አላሉም።»

ሌሊቱን ከብረት በርሜል በቀጭን ቱቦ ሞሉት።
የሚቆጥረውን ሰዓት አይቶ «ስንት ከተቱት?»
ብሎ ጠየቀ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ።
እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፤ ፊደል ብቻ ጭንቅላቴ ገባ።
ነ አይነካም፣ ስም አይነካም፤ ነገሩ ያለው መሃሉ ላይ ነው፦
ፋ በራብዕ ሲሆን አፍ ተከፍቶ ይቀራል፣ ነፋስ ነው፤
ፍ ብሎ ሳድስ ሲሆን ጥርስ ከንፈርን ይይዛል፣ ነፍስ ነው።
አባቴ ያን መንገድ፣ ከፋ እስከ ፍ፣ እስኪነጋ ተመላለሰው።

ጎህ ሲቀድ ነርሷ ወጣች።
«ተነፈሰ» አለች።
የጎሚስታ ቤተሰብ ነን፤ ቃሉን የምናውቀው ከጎማ ነው፤
ተነፈሰ ማለት ለኛ ወደቀ፣ አለቀ ማለት ነው።
እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፣
ነርሷ ግራ ገብቷት «በራሱ! ያለ ቱቦ!» እስክትል ድረስ።

በሳምንቱ ወደ ማይክሮፎኔ ተመለስኩ፤
«በመጠኑ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዝኩ።
«ነገ በአዳማ ነፋስ አለ» አልኩ። ኃላፊዬ ተቆጣ።
አባቴ ግን ደወለ፦ «አሁን ገና ቃል ከአፍሽ ወጣ።»

ጠዋት፣ ኮረብታው ላይ ነጫጮቹ ክንፎች ሲዞሩ፣
ከወንበሩ ሳይነሳ ለረዳቱ ይጠቁማል በበትሩ።
ሶሬሳ ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ይነክራል፤
አንዲት አረፋ ትወጣለች። አባቴ ጎንበስ ይላል።
«እዚህ ጋ» ይላል፣ «እዚህ ጋ ይተነፍሳል።»