ግልባጭ

ሂርማታ፣ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣
ቆርቆሮው ጣራ ላይ ዝናቡ ሲያወራ፣
አስራ ሁለት ኮምፒውተር ተሰልፎ ነበር፤
አስራ አንዱ ዲዳ፣ አንዱ ብቻ የሚሠራ።

ያን አንዱን ያቀናው ተማም ነው፤
ከጥቅምት በፊት ቦንጋ ተዛወረ፤
ቁልፉን እጄ ላይ ጥሎ፣
የተሰነጠቀ ሲዲ መሳቢያው ውስጥ ቀረ።

ደወልኩለት። ኔትወርኩ እየቆራረጠ፣
"ሲዲውን ተይው" አለኝ፣ "ከቆመው ውሰጂ፤
ከነአቧራው፣ ከነልማዱ፣
እንዳለ ምስሉን አንሺና ፍላሽ ላይ አኑሪው።
ያነሳሽው፣
ያነሳል።"

ይቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ቅኔ ስፈታ አደርኩ።

ጠዋት መርካቶ ወርጄ ፍላሽ ገዛሁ፤
ጀርባው "ሠላሳ ሁለት ጊጋ" ይላል፤
ሰክቼ ብጠይቀው ስምንትም አልሞላ።
ተመለስኩ። ሸምሱ፣ ባለሱቁ፣ አላፈረም፤
"እህቴ፣ ማን ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያክላል?"
አለና ሌላ ሰጠኝ፣
በሃምሳ ብር ጭማሪ።

ትእዛዙ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦
ምንጭ።
መድረሻ።
"ካምታታሻቸው" ብሎኛል ተማም፣
"ባዶው ሙሉው ላይ ይገለበጣል።"
አዌቱ ሽቅብ ሲፈስ ታየኝ፣
ጀሪካን ምንጩን ሲጠጣው።
ሦስቴ አነበብኩት። በጣቴ ፊደል በፊደል ሄድኩበት፣
ቁርኣን እንደሚቀራ ሕፃን።
ከዚያ ተጫንኩ።

ምንም።
ስክሪኑ ጥቁር፣ አንዲት ጭረት ብቻ
ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፤
ስንት እንደሄደ አትነግር፣ ስንት እንደቀረ አትነግር።
በርጩማው ላይ ሆኜ ጠበቅኩ፤
ሦስት እግሩ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣
ምስማር የማያውቅ፣
ጠራቢው ራሱ ልድገምህ ቢለው የማይደገም።
መብራቱ አንዴ ሲንገዳገድ ዩፒኤሱ እንደ ጫጩት ጮኸ፤
እኔም አብሬው።

በሃምሳኛው ደቂቃ ጭረቷ አንድ መስመር ወረደች።
አለቀ።
ፍላሹ ትኩስ ነበር፣ እንደተቀቀለ እንቁላል።
ካንዱ ዲዳ ጎን ሰካሁት፤
ዝርዝር ዘርግቶ "ከየት ልነሳ?" አለኝ።
ከዚህ።
ተነሳ።

"እንኳን ደህና መጣህ፣ ተማም።"

ከጀርባው ጥርሷ የወለቀ ልጁ ትስቃለች፣ ጅሬን ላይ፤
ሰዓቱ ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ፣ እንደ እሱው፤
"የስምንተኛ ክፍል ውጠት" የሚል ፋይል፣
ፊደሉ እንደተሳሳተ።
እስኪመሽ አስራ ሁለቱም ተነሱ፤
አስራ ሁለት ተማም፣ አስራ ሁለት ሳቅ፣
ሁሉም እኩል የዘገዩ።

ተማሪዎቹ ቁጥር አወጡላቸው።
ኢክራም ተማም ዘጠነኛን ማንም እንዳይነካባት ማለች።
እኔ ሰዓቱን አስተካከልኩ፤
"ውጠት" የሚለውን ላርመው ጠቋሚውን አስጠጋሁ፣
እና ተውኩት።

ዳይሬክተሩ ደብዳቤ አስጻፉኝ፤
ጉዳዩ፦ የኮምፒውተሮችን ሥራ መጀመር ስለማሳወቅ።
ቁጥር፣ ቀን፣ ማህተም። ከግርጌው፣ እንደ ደንቡ፣

ግልባጭ፦
ለትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለንብረት ክፍል
ጅማ

ማህተሙ ሳይደርቅ፣ በእስክሪብቶ፣ አንድ መስመር ጨመርኩ፦

ለአቶ ተማም
ባሉበት