የድምፅ ብድር

አንድ ነበር ከተማው፤ መሐንዲስ መጣና
በ"ጋ" እና በ"ካ" ከፈለው እንደገና።
ወዲህ ማዶ ቫልጋ፣ ወዲያ ማዶ ቫልካ፣
መሃላችን ጅረት፣ በአራት እርምጃ የምትለካ፣
ቀበሌ የማያውቅ እንቁራሪት የሞላባት።

እኔ ሳልሜ ነኝ፣ በ"ጋ" በኩል ያለሁ፣
አርባ ዓመት ለልጆች ዜማ ሳስጠና የኖርሁ።
ቬልታ በ"ካ" በኩል፤ መስኮቷ ይታየኛል፤
ድምፅ ከተለዋወጥን ሠላሳ ዓመት አልፎናል።

መሰላሌን ወስዳ፣ ጣሪያዋን ልታበጅ፣
"እሑድ እመልሳለሁ" ብላኝ ነበር እንጂ፣
ሰኞ አጥር ተተከለ፣ ሽቦና ወታደር፤
መሰላሌም እንደ ዘበት ቀረ በሰው ሀገር።
ኋላ አጥሩ ተነሣ፤ ፓስፖርት ጠያቂም የለም፤
መሰላሉ ግን አልመጣ፣ እሷም አልመጣችም።
ገበያ ስንገናኝ፣ ድንች ስንመርጥ ጎን ለጎን፣
ድንቹን እናያለን።

ዛሬ ማታ እነሆ፣ ሃያ አምስት ሀገሮች
በቴሌቪዥን ሊዘፍኑ፣ በጭስ፣ በመብራቶች።
አንዱ እሳት ይተፋል፣ አንዱ ክንፍ ቀጥሏል፣
አንዱ በማይገባኝ ቋንቋ ፍቅሩን ያማርራል።
ከዚያ የኛዋ ኬርቱ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት፣
ግራጫ ሹራብ ለብሳ፣ መድረኩ ሰፍቶባት።

ይቺን ልጅ አውቃታለሁ። በዘጠኝ ዓመቷ
ከኋላ ረድፍ፣ ከምሰሶው ሥር ነበር ቦታዋ።
እኔ ነኝ ያቆምኳት። "ድምፅሽ ይሻክራል፤
አፍሽን ብቻ ክፈቺ፣ ሌላው ይዘምራል።"
አልቅሳ ይሆን? እንጃ። ፒያኖው ጋርዶኝ ነበር።
ዛሬ ያው ሻካራ ድምፅ፣ እንደ ዛገ በር
እየተንሲጠሲጠ፣ ሳያንኳኳ ገባ።

ስልኬን አነሣሁ፤ ድምፅ ልሰጣት፣ በስተርጅና።
ደንቡን አነበበልኝ ጎረምሳው፣ ፈገግ አለና፦
"ለገዛ ሀገርዎ ድምፅ መስጠት አይችሉም።"
ያኔ ስችል ነፈግኋት፤ ዛሬ ብሰጥ አይሆንም።

አሥራ አምስት ደቂቃ።
በአራት እርምጃ ማዶ ድምፅ ያለው ሰው አለ።

ካፖርቴን በሌሊት ልብሴ ላይ ደረብሁ፣
እንቁራሪቶቹን ሰምቼ ድልድዩን ተሻገርሁ፣
በሩን መታሁ።
ቬልታ ከፈተች። ሻርፕ፤ መነጽር፤ ዝምታ።

"ድምፅ ልበደር መጣሁ" አልኳት፣ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ።
"እኔማ" አለች፣ "ስለ መሰላሉ መስሎኝ።"
ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች፦
"በዚያ ክረምት፣ ማሞቂያው የቆመ ጊዜ፣
አንድሪስ ትኩሳት ይዞት፣ እንጨት አጥተን፣
እርከን በእርከን ሰብሬ አነደድሁት።
ዘጠኝ እርከን ነበረው። ዘጠኝ ሌሊት።
ምን ልመልስልሽ? አመድ?"

"ልጁስ ሞቀው?"
"ሞቀው። ሪጋ አውቶቡስ ይነዳል። መች ይደውላል።"

እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
በዚያ በተቃጠለ መሰላል ላይ ወጥቼ
ቁልቁል ሳያት ኖሬአለሁ።

"ቁጥሯ ስንት ነው?"
"አሥራ ሰባት።"
ጣቷ ወፍራም፣ ቁልፉ ቀጭን፤ ስድስትን ልትነካ ስትል
ጮኽሁባት፤ ጮኸችብኝ፤ ውሻው ጮኸ።
ከዚያ ስልኩ ብልጭ አለ፦ ድምፅዎ ደርሶናል።

"በይ አሁን የኛን ልጅ።"
"ያንን ከበሮ ደብዳቢ? አልወደድሁትም።"
"እኔስ መች ወደድሁት? የኛ ነው፤ ስጪው።"
ሰጠሁት። ስልኬ "ካ" ቤት ተቀምጦም የ"ጋ" ነው።

ኬርቱ ሃያ ሁለተኛ ወጣች።
ከቬልታ ሀገር ሦስት ነጥብ አገኘች።
"አንዷ የኔ ናት" አለች ቬልታ።
"ነጥብ እንዲያ አይቆጠርም" አልኳት።
"ይቆጠራል!" አለች፤ ተውኳት።

ካሜራው ልጅቷን አሳየ፣ ከተሸናፊዎቹ ሶፋ ላይ፣
አፏን ከፍታ፣
ለራሷ ይሁን ለጓደኞቿ፣ አንድ ነገር ስትዘፍን፤
ጭብጨባው ውጦት አልሰማ አለኝ።

ቬልታ ሪሞቱን ከትራስ ሥር ፈልጋ
ድምፅ ጨመረች።