አትነሺ

ባሕሬን፣ ሙሐረቅ፣ ከሱቁ ጀርባ፣ ጠባቧ ቅያስ ውስጥ፣
የማማ ሉልዋ ቤት ለፊልም ተከራየ፣ አሥር ቀን ሊገለበጥ።
ኤሲውን በሰሌን ሸፈኑት፣ ፍሪጁን አወጡት ጓሮ፤
የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር ተባለ «ወዲያ! ዛሬ ድሮ ነው፣ ድሮ!»

ፊልሙ አስቂኝ ነው አሉኝ፤ አንድ የጠረፍ ልጅ፣ ድሃ፣
ከዕንቁ ነጋዴዎች ግብዣ ገብቶ
ለእጅ የቀረበውን የጽጌረዳ ሽቶ ይጠጣል፣ መስሎት ውሃ።
ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።
በመጣሁ ሰሞን እኔም የጠጣሁት ነገር አለ፤ ስሙን አልናገርም።

የነጋዴውን ሁለተኛ ሚስት የምትጫወተው ተዋናይ
ታማ ቀረች። ዳይሬክተሩ ሑመይድ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣
ቤቱን ዞሮ ዞሮ ሲያይ፣ ሲያይ
እኔን አገኘ፤ በእጄ መወልወያ፣ በራሴ ሻሽ።
«እሷ!» አለ። «ንግግር የለሽም። ቁጭ በይ ብቻ። ሀብታም ነሽ።»

ሀብታም ነሽ! በሁለት ቃል አለቀ!
ደላላው ይህን መንገድ ቢያውቅ ስንቱን ከሐይቅ ባስለቀቀ።

የልብስ ኃላፊዋ ነሽል አለበሰችኝ፣ ወርቅ ዘቦ፣ ክንፉ መሬት የሚጠርግ፤
(አምስት ወር ሙሉ እኔ ጠርጌያለሁ፣ ዛሬ ቀሚሴ ይጥረግ!)
የወርቅ ቆብም ደፋችልኝ፣ ስሙ በዐረብኛ «ጣሳ»፤
እኛ ዘንድ ሽንብራ ነው በጣሳ የሚሰፈረው፤ ሳቄን ዋጥሁት፣ በስንት አበሳ።

ጌጡ ነሐስ ነበር፣ የኪራይ። ማማ ሉልዋ ከፎቅ አይታ ወረደች፣
«በእኔ ቤት የውሸት ወርቅ?» ብላ ሣጥኗን ከፈተች፤
የሰርጓን አወጣች፣ በገዛ እጇ አጠለቀችልኝ፣ አንገቴን አቃናች፣
«ጀርባሽ ለምን ጎበጠ?» አለች።
አልመለስሁም። መልሱን ባልዲውም ያውቀዋል፣ ወለሉም።

ካሜራ! ጸጥታ! የጠረፉ ልጅ ገባ፣ በምንጣፉ ጫፍ ተጠለፈ፤
ነጋዴው፣ ሆዱ ትራስ፣ ጢሙ ማስቲሽ፣ «ማይ!» ብሎ ለፈፈ።
ማይ ውሃ ነው።
እኔ ቆሜያለሁ፣ ግማሽ መንገድ ሄጃለሁ ወደ ጓዳ፤
«አትነሺ! ሚስቱ ነሽ!»
ቀሚሴን ሰብስቤ ተመለስሁ፣ እንደ እንግዳ።

እንደገና። «ማይ!» ተነሣሁ። «አትነሺ!» እንደገና።
ምንጣፉን በጥፍሬ ጨብጬ ጉልበቴን በአማርኛ ለመንሁት፣
«አትነሺ ዘምዘም፣ አትነሺ» እያልሁ። ምን ሊሰማ!
ዐረብኛን ከምላሴ ቀድሞ የለመደው እግሬ ነውና።

በአምስተኛው ስልኬ ከደረቴ ጮኸ፤ ድሮው ፈረሰ፤
በሰባተኛው ነጋዴው ራሱ ሳቀ፣ ጢሙ ከላቡ ጋር ወደ አገጩ ፈሰሰ።
ሑመይድ ጠጋ አለ። «ስምሽ ማነው?» «ዘምዘም።»
እንዴት እንደሳቁ! ውሃ ሲጠራ ዘምዘም ብትነሣ ምኑ ይገርም?
እኔም ሳቅሁ። ስሙን ያወጣችልኝ አክስቴ ይህን አላሰበችም።

በአሥራ አንደኛው «ማይ!» ሲል፣ ተረከዜ ሲያኮበኩብ ሊነሣ፣
ሒና የነካው እጅ ትከሻዬን ጫን አለ፤ ማማ ሉልዋ፣ ራሷ!
በቤት ቀሚሷ፣ በላስቲክ ጫማ፣ ትሪ ይዛ፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ፣
ለነጋዴው አንድ፣ ለጠረፉ ልጅ አንድ፣
ሦስተኛው ብርጭቆ ለእኔ።
«አትነሺ» አለችኝ፣ በእኔ ቋንቋ።

ከየት አመጣችው? ጉልበቴን ስማጸን ሰምታ ይሆናል።
ሰባብራ ነው ያለችው፤ ሰባራውም ይጣፍጣል።

ሑመይድ «ቁም» አላለም። ካሜራው ዞረ።
ጠጣሁ። ውሃው ከጓሮው ፍሪጅ ነው፣ ጥርስ ያማል ቅዝቃዜው፤
ድሮ እንዲህ አይቀዘቅዝም ነበር፣
ማንም ይህን ሳይናገር ቀረ።

ማታ ወርቁ ተቆጠረ፣ ሙሉ ነው፣ ወደ ሣጥኑ ገባ።
ብርጭቆዎቹን እኔው አጠብሁ፤ ሦስት።
ፊልሙ ለረመዳን ይወጣል አሉ። ያቺን ቦታ ቆርጠው ይሆናል የሚጥሏት።
ይጣሏት።
እኔ እንደሆንሁ ዛሬም «ማይ» ሲባል እነሣለሁ፣ ትሪዬን አንሥቼ፤
ግን አንዲት ትንፋሽ ዘግይቼ።