ዓሣ አልቋል

ባሕር ዳር ተኝታ ጣና ደፈረሰ፣
በነሐሴ ሌሊት ደጃፍ ላይ ደረሰ።
ደንገሉ ከሌለ ማን ይዞ ይመልሰው?
እኛው ነን ያጨድነው፣ ሐይቁ እንዲታይ ለሰው።
እንየውም አጨደ፣ ላቀችም አጨደች፣
ወንበር ደረደረ፣ ወንበር ደረደረች።

(አንዱ ማጭድ የእኔ ነበር፤ ያኔ ሳህን አጣቢዋ ነኝ።)

አንድ አጥር ተጋርተው ዓመታት ተባሉ፣
«ዓሣው የትናንት ነው»፣ «ዘይቷ ጥቁር» እያሉ።

ያን ሌሊት ግን ውሃው አጥሩን ነቀለ፤
እንየው ጆንያ አሸዋ በጀርባው አዘለ፤
ወደ ራሱ ደጃፍ መቼ ዞሮ ሄደ!
የላቀችን ማጀት ሊገድብ ወረደ።
«ያንቺ ቤት ዝቅ ይላል፤ ያዥ አፉን!» አላት ብቻ።
የጆንያውን አፍ ያዘች፣ የራሷንም፤ ቀረ ዛቻ።

ሲነጋ የእሱ ምድጃ ሐይቅ ሆኖ ተገኘ፣
ከጠረጴዛው ሥር አንድ አምባዛ ዋኘ።
ላቀች አይታ ሳቀች።
ቆይቶ፣ እሱም።

ሁለት ወር በአንድ ከሰል ዓሣቸውን ጠበሱ፤
ጠቡ ግን አልቀረም፦ «አዋዜሽ ቀጠነ» ይላል እሱ።
ጥቅምት ላይ ውሃው ሲሸሽ፣ ከዘጌ በታንኳ አስጭነው
ደንገል መልሰው ተከሉ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው።

የእሱ ቤት በተከፈተ ዕለት አንድ መንገደኛ ቆሞ፣
ደንገሉን ገለጥ አርጎ «ሐይቁን እንየው» ቢል ደግሞ፣
«እንየው ከጎን ነው፤ እኔ ጋ ዓሣ አልቋል» አለች፣
ቆሮሶ የሞላ ሳፋ በቀሚሷ ከለለች።